በአንድ ዝግጅት ፒያኖም ኦርጋንም ለመጫወት፦ ለወጣት ሙዚቀኞች መመሪያ

በአንድ የሙዚቃ ዝግጅት ላይ ከፒያኖ ወደ ኦርጋን እየተሸጋገረ ለመጫወት የሚሰናዳ ወጣት ከሁሉ አስቀድሞ አንድ ነገር ልብ ሊል ይገባል። ሁለቱ መሣሪያዎች በነጭና በጥቁር ቁልፎቻቸው ቢመሳሰሉም ከጣት የሚጠይቁት ሥራ እጅግ የተለያየ ነው። ፒያኖ ላይ የድምፁ መልክ የሚወሰነው ጣት ቁልፉን በሚመታበት ቅጽበት ሲሆን፣ ኦርጋን ላይ ግን አብዛኛው ነገር የሚወሰነው ጣት ቁልፉን በሚለቅበት ቅጽበት ነው። ፒያኖ በሚገባ የሚጫወቱ ብዙ ወጣቶች ኦርጋን ላይ ሲቀመጡ ጨዋታቸው የተድበሰበሰ የሚሆነው ችሎታ አንሷቸው ሳይሆን፣ የቁልፍ አለቃቀቅን ራሱን እንደቻለ ትምህርት ቆጥሮ ያስተማራቸው ሰው ስላልነበረ ነው። ከዚህ በታች የማቀርባቸው ምክሮች በአብዛኛው ከዚህ ልዩነት የሚነሡ ናቸው።

ኦርጋን ስል በአውሮፓና በአሜሪካ አብያተ ክርስቲያናት የሚገኘውን ባለ ቧንቧ ኦርጋን ማለቴ ነው እንጂ፣ በአገራችን በዚሁ ስም የሚጠራውን የኤሌክትሪክ ኪቦርድ አይደለም። መመሪያው የተጻፈው ፒያኖ ጥቂት ዓመታት ለተማሩ፣ ኖታ ማንበብ ለሚችሉና በሚኖሩበት ከተማ፣ በጀርመንም ሆነ በስዊድን ወይም በአሜሪካ፣ እንዲህ ያለ ኦርጋን ያለው ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያቸው ለሚያገኙ ወጣቶች ነው። መሣሪያው ለእኛ ሰው ፈጽሞ ባዕድ ነው ማለትም አይቻልም። ዓለም በፒያኖ ሥራዎቻቸው የሚያውቃቸው እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ በሃርሞኒየም (በነፋስ የሚሠራ ትንሽ ባለ ቁልፍ መሣሪያ) እና በባለ ቧንቧ ኦርጋን ጭምር ተጫውተው ያስቀረጿቸው ሥራዎች አሏቸው፤ እነዚህን ከፒያኖ ቅጂዎቻቸው ጋር አከታትሎ የሚያዳምጥ ሰው፣ ያው አንድ እጅ በሌላ መሣሪያ ላይ ምን ያህል ሌላ እንደሚሆን ይሰማዋል።

መምታትና መልቀቅ

ፒያኖ ውስጥ እያንዳንዱ ቁልፍ መዶሻ ያንቀሳቅሳል፤ መዶሻው ክሩን መትቶ ወዲያው ይመለሳል፤ ድምፁም ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ እየከሰመ ይሄዳል። ኦርጋን ላይ ግን ቁልፉ የነፋስ በር ይከፍታል፤ ነፋሱ ወደ ቧንቧው ገብቶ ድምፅ ይሰጣል፤ ጣቱ እስካልተነሣ ድረስም ድምፁ ሳይጨምርና ሳይቀንስ ይቆያል። ቁልፉን ጠንከር አድርጎ መጫን ድምፁን አያጎላውም። ስለዚህ ፒያኖ ተጫዋች በጣቱ ክብደት ይገልጸው የነበረውን ስሜት ሁሉ ኦርጋን ላይ በጊዜ መግለጽ ይኖርበታል፤ ማለትም አንዱ ኖታ ምን ያህል እንደሚቆይና ከሚቀጥለው በፊት ምን ያህል ዝምታ እንደሚኖር በመወሰን ነው።

ይህን ለመረዳት አንድ ቀላል ልምምድ ይበቃል። ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ፋ የሚሉትን አራት ኖታዎች ውሰዱና ሚ ጎላ ብላ እንድትሰማ አድርጉ። ፒያኖ ላይ ሥራው ሚን ትንሽ ከበድ አድርጎ መምታት ብቻ ነው። ኦርጋን ላይ ግን ሬን ከጊዜዋ ትንሽ ቀደም ብላችሁ ልቀቁ፤ ሚ የምትጀምርበትን ቦታ ግን ፈጽሞ አታዛንፉ። በሬና በሚ መካከል የተፈጠረችው ቅንጣት ዝምታ ሚን በአድማጩ ጆሮ ውስጥ ከፍ ታደርጋታለች። የዝምታዋን መጠን ጥቂት በጥቂት እየለወጣችሁ ደጋግሙት፤ ከሁለት ሜትር ርቀት የሚያዳምጥ ጓደኛችሁ የትኛዋ ኖታ እንደጎላች ሳትነግሩት ሊለይ ከቻለ ትክክለኛውን መጠን አግኝታችኋል። ከዚያ ያንኑ ሐረግ ወደ ፒያኖ ወስዳችሁ በክብደት ተጫወቱት። እነዚህን ሁለት መንገዶች በአንድ ቀን ውስጥ ማፈራረቅ፣ ኦርጋንን ለአንድ ወር፣ ፒያኖን ለሌላ ወር ለይቶ ከመለማመድ እጅግ የተሻለ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንድ ኖታ በሚደጋገምበት ቦታ ጥንቃቄው የበለጠ ይሆናል። ፒያኖ ላይ ሁለተኛው ምት በራሱ ይሰማል። ኦርጋን ላይ ግን ቁልፉ በቂ ጊዜ ካልተለቀቀ ሁለቱ ኖታዎች አንድ ረጅም ኖታ ሆነው ይቀራሉ። የድንጋይ ግድግዳና ከፍተኛ ጣሪያ ባለው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ድምፁ ጣት ከተነሣ በኋላም ለሦስትና ለአራት ሰከንድ ያህል ሊያስተጋባ ስለሚችል፣ በመካከል የሚተወው ክፍተት በትንሽ ክፍል ውስጥ ከተለማመዳችሁት ሰፋ ማለት አለበት። ቴምፖውም (የሙዚቃው ፍጥነት) ዝግ ይላል። ፈጣን የፒያኖ ክፍል እንኳ እንዲህ ባለ ሕንፃ ውስጥ ሲቀርብ የዘላቂ ድምፅ ፔዳሉን (የፒያኖውን የቀኝ እግር ፔዳል) ከወትሮው ግማሽ ያህል ብቻ መጠቀም ይበቃል፤ የቀረውን ሕንፃው ራሱ ይሠራዋል።

የአጨዋወቱ ዓይነት እንደ ዘመኑም ይለያያል። ለ18ኛው ክፍለ ዘመን ጀርመናዊ አቀናባሪ ለባኽና ለዘመኑ ሰዎች ሙዚቃ የተለመደው አነካክ በኖታዎቹ መካከል ጥቂት አየር የሚያስገባ ነው፤ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የፈረንሳይ ሙዚቃ ግን ሙሉ ሌጋቶ፣ ማለትም ኖታዎችን ሳያቋርጡ ማያያዝን፣ ይፈልጋል። ኦርጋን ላይ ኖታዎችን የሚያገናኝ የቀኝ እግር ፔዳል ስለሌለ ሌጋቶው በጣት ብቻ መሠራት አለበት። ለዚህ የሚያገለግለው ዋና ዘዴ ቁልፉ እንደተጫነ ጣት መለወጥ ነው። ለምሳሌ በአምስተኛ ጣት የተያዘን ኖታ ሳይለቁ አራተኛውን ጣት በላዩ ተክቶ፣ አምስተኛውን ለሚቀጥለው ኖታ ነጻ ማድረግ ይቻላል። ይህን ልምምድ ኦርጋን በማይገኝበት ቀን ቤት ውስጥ ፒያኖ ላይ፣ እግርን ከፔዳሉ አርቆ፣ በዝግታ መሥራት ይቻላል፤ ጥቅሙም ለፒያኖው ጭምር ነው።

እግር

ከፒያኖ ለሚመጣ ሰው ከባዱ ነገር እግር ነው። የኦርጋን የእግር ቁልፎች አብዛኛውን ጊዜ 30 ወይም 32 ናቸው፤ በጣትና በተረከዝ እየተጫኑ ባሱን ይጫወታሉ። አንዲት ጎበዝ የፒያኖ ተማሪዬ የመጀመሪያ የኦርጋን ትምህርቷን ስትጀምር፣ ዜማው ከፍ ባለ ቁጥር ቀኝ እግሯ ሳታስበው ወደ ፊት ይሄድና ድምፅ የሚያጎላውን ፔዳል እስከ መጨረሻው ይጫነው ነበር። እግሯ የሚፈልገው የለመደውን የፒያኖ ፔዳል ነበር። መፍትሔው ተግሣጽ አልነበረም፤ ለጥቂት ሳምንታት ሁለቱንም እግሮች በባስ ቁልፎች ላይ የሚያስጠምድ፣ ቀኝ እግር ሥራ ፈትቶ የማይቀመጥበት ቀላል ሙዚቃ መስጠት ነበር። ከዚያ በኋላ እግሯ ቦታውን አወቀ።

የአቀማመጡ ነገር በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ወንበሩ በፔዳሎቹ መሐል ላይ ይሁን፤ ቁመቱም እግር ቁልፎቹን ሳይጫን በላያቸው ለስለስ ብሎ እንዲያርፍ የሚያስችል ይሁን። ዕድገታቸውን ገና ያልጨረሱ ታዳጊዎች ወንበሩ ዝቅ ካላለላቸው የሰውነታቸውን ሚዛን በእጃቸው ለመጠበቅ ይገደዳሉ፤ ያን ጊዜ እጃቸው ይደርቃል። ጫማው ስስ የቆዳ ሶል፣ ጠባብ አፍንጫና ትንሽ ተረከዝ ያለው መሆን አለበት። ለኦርጋን ተብሎ የተሠራ ጫማ ይሸጣል፤ ካልተገኘም ለዳንስ የሚሆን ቀጭን የቆዳ ጫማ ያገለግላል። በመንገድ የተረገጠ ጫማ ግን አቧራና ጠጠር ይዞ የእንጨት ቁልፎቹን ስለሚፍቅ ወደ መሣሪያው አይቅረብ።

እግርን እያዩ መጫወት መጀመሪያ ላይ የሚረዳ ቢመስልም ቆይቶ ያሰናክላል። ጥቁሮቹ የእግር ቁልፎች በሁለትና በሦስት ተመድበው የተቀመጡ ስለሆኑ በምድቦቹ መካከል ሰፋ ያለ ክፍተት አለ፤ የእግር ጣት ወደ ፊት ተንሸራትቶ ያን ክፍተት በመዳሰስ ያለበትን ቦታ ያውቃል። በየቀኑ ልምምድ ስትጀምሩ ዓይናችሁን ወደ ኖታው አድርጋችሁ ክፍተቶቹን በዳሰሳ ፈልጉ።

በመቀጠል ለብዙዎች አዲስ የሚሆን ምክር አለ። ሙዚቃውን ስትለማመዱ ሁለቱን እጆች ካጠናችሁ በኋላ እግርን መጨመር የተለመደ ቢሆንም፣ እኔ የምመክረው ከግራ እጅና ከእግር መጀመርን ነው። ፒያኖ ላይ ባሱን የሚይዘው ግራ እጅ ነው፤ ዓመታት የለመደውን ይህን ሥራ ኦርጋን ላይ እግር ሲወስድበት ግራ እጅ ዝም ብሎ አይለቅም፤ እግር የሚጫወተውን ተከትሎ ይሄዳል። አራት መስመር ያህል ሙዚቃ ወስዳችሁ ግራ እጅና እግርን ብቻ፣ የቀኝ እጁን ዜማ በአፋችሁ እየዘመራችሁ፣ በግማሽ ፍጥነት ተጫወቱ። ይህ ሳይደናቀፍ ካለፈ ቀኝ እጅን መጨመር ብዙ ጊዜ አይወስድም። ካልሆነ ግን ሦስቱን በአንድ ላይ መቶ ጊዜ መደጋገም ስሕተቱን ያጠነክረዋል እንጂ አያርመውም።

ታላላቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ጀርመናዊው አቀናባሪ ፌሊክስ ሜንደልሶን በፒያኖ ዝናው በአውሮፓ የተሰማ ሰው ነበር። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 1840 በላይፕሲግ ቅዱስ ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ለባኽ ሐውልት ማሠሪያ ገንዘብ ለማሰባሰብ የባኽን የኦርጋን ሥራዎች ሲያቀርብ የ31 ዓመት ሰው ነበር፤ ለእናቱ በጻፈው ደብዳቤም ከዝግጅቱ በፊት ለስምንት ቀናት አጥብቆ ከመለማመዱ የተነሣ ቀጥ ብሎ መቆም እስኪያቅተው መድረሱንና በመንገድ ሲሄድ እንኳ እግሮቹ የፔዳል ሐረጎችን ይረግጡ እንደነበር ይገልጻል።

ምን መጫወት ይሻላል

ለኦርጋኑ ክፍል ባኽ በቫይማር ሳለ ለጀማሪ ኦርጋኒስቶች ማስተማሪያ ካሰባሰባቸው አጫጭር የኮራል (በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ዜማ ላይ የተመሠረቱ) ሥራዎች ሁለት ወይም ሦስት መምረጥ መልካም ነው። ባኽ ራሱ በርዕሱ ገጽ ላይ ዓላማቸው ጀማሪው በፔዳል አጨዋወት እንዲሠለጥን ጭምር መሆኑን ጽፏል፤ አብዛኞቹም ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ብቻ የሚወስዱ ናቸው። ከእነርሱ ጎን በ1723 ያዘጋጃቸውን ባለ ሁለት ድምፅ ኢንቬንሽኖች (አጫጭር የልምምድ ሥራዎች) በፒያኖ ማቅረብ፣ አድማጩ የአንድን ሰው ሙዚቃ በሁለት መሣሪያ እንዲሰማ ያስችላል።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን የአቀናባሪው ሴዛር ፍራንክ «ፕረሉድ፣ ፉግና ቫሪየሽን» የተባለው ሥራ ነው። በ1868 ከታተሙት ስድስት የኦርጋን ሥራዎቹ አንዱ ሲሆን፣ ፍራንክ ራሱ ለሃርሞኒየምና ለፒያኖ አዘጋጅቶታል፤ ሌሎች ደግሞ ለፒያኖ ብቻ አዘጋጅተውታል። ወጣቱ የመክፈቻውን ዜማ መጀመሪያ በኦርጋን፣ ቆይቶ በፒያኖ ሲያጠናው፣ ረጅሙ ኖታ አንዱ ላይ ጸንቶ እንደሚቆምና ሌላው ላይ እየሳሳ እንደሚሄድ በገዛ እጁ ይማራል። ሥራው የተበረከተለት ካሚል ሳን ሳንስ ደግሞ ሁለቱንም መሣሪያዎች ከልጅነት እስከ እርጅና ይዞ የኖረ ሰው ነው። በ1846 ገና በአሥር ዓመቱ በፓሪስ ሳል ፕሌየል በፒያኖ ተጫውቷል፤ ከ1858 ጀምሮም ሃያ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ የማድሌን ቤተ ክርስቲያን ኦርጋኒስት ነበር። አንዱ መሣሪያ ሌላውን ያበላሻል የሚል አስተማሪ ቢያጋጥማችሁ ይህን ምሳሌ ማስታወስ ይቻላል።

ከራሳችን ቅኝቶች አንድ ነገር ለማቅረብ የሚፈልግ ወጣትም ዕድል አለው። በትዝታ ቅኝት፣ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ባሉት ኖታዎች የተሠራን ዜማ ኦርጋን ላይ ስታሰናዱ፣ እግር ዶን በለሆሳስ ባስ ይዞ እንዲቆይና ቀኝ እጅ በዋሽንት መሰል ድምፅ ዜማውን እንዲወስድ አድርጉ። ፒያኖ ላይ የሚያምሩት ፈጣን ጌጦች ኦርጋን ላይ ሲበዙ ይደራረባሉና ግማሹን አስቀሯቸው፤ በረጃጅሞቹ ኖታዎች ላይ ግን ለመቆየት አትፍሩ።

የዝግጅቱ ርዝመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከአርባ ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል።

ከመሣሪያው ጋር መተዋወቅ

ፒያኖ ከከተማ ከተማ ቢለያይም 88 ቁልፉ ያው ነው። ኦርጋን ግን እያንዳንዱ ለሕንፃው የተሠራ ነው። አንዱ ሁለት የእጅ ሰሌዳ (በእጅ የሚጫወቱት የቁልፎች ረድፍ)፣ ሌላው ሦስት ወይም አራት ሊኖረው ይችላል፤ አሜሪካ ውስጥ በየሰሌዳው 61 ቁልፍ የተለመደ ሲሆን፣ አውሮፓ ውስጥ ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ስለዚህ ሙዚቃውን ከመምረጣችሁ በፊት የሚፈልጋቸው ኖታዎች በዚያ ኦርጋን ላይ መኖራቸውን አረጋግጡ። የቤተ ክርስቲያኑን ኦርጋኒስት አስቀድሞ በአክብሮት ማነጋገር፣ የልምምድ ሰዓትን ከአምልኮና ከቀብር መርሐ ግብር ጋር ማስማማትና የሕንፃውን ቁልፍ የሚረከቡበትን መንገድ ማወቅ የግድ ነው፤ አብዛኞቹ ኦርጋኒስቶች ወጣት ሲጠይቃቸው ደስ ብሏቸው ይረዳሉ።

ድምፅ የሚመረጠው ስቶፕ በሚባሉት መሳቢያዎች ወይም ማብሪያዎች ነው። በየስቶፑ ላይ የተጻፈው ቁጥር የቧንቧውን ርዝመት በጫማ መለኪያ የሚያመለክት ነው። 8 የተጻፈበት ኖታውን በተጻፈበት ከፍታ ያሰማል፤ 16 አንድ ኦክታቭ ዝቅ፣ 4 አንድ ኦክታቭ ከፍ፣ 2 ደግሞ ሁለት ኦክታቭ ከፍ ያደርገዋል። ከፒያኖ የመጣ ሰው በደስታ ብዙ ስቶፕ በአንድ ጊዜ መሳብ ይወዳል፤ ድምፁ ግን ይወፍርና የውስጥ ዜማዎቹ ይጠፋሉ። በአንድ ባለ 8 ፕሪንሲፓል (የኦርጋኑ መሠረታዊ ድምፅ) ጀምራችሁ ባለ 4 ጨምሩ፤ አዳምጡ፤ ብሩህነት ካነሰው ባለ 2 ጨምሩ። ዜማና አጃቢ ባለበት ሙዚቃ ሁለቱን በተለያየ ሰሌዳ ላይ አድርጉና አጃቢውን አሳንሱት።

ኦርጋኒስቱ በተቀመጠበት ቦታ የሚሰማው ድምፅ አድማጩ ጋ ከሚደርሰው በእጅጉ ሊለይ ስለሚችል፣ ጆሮ ያለው ጓደኛ ታች አዳራሹ ውስጥ እየተዘዋወረ እንዲያዳምጥላችሁ አድርጉ፤ ወይም ጓደኛችሁ እየተጫወተ እናንተ ውረዱ። የተስማማችሁበትን ምርጫ ሁሉ በእርሳስ ኖታው ላይ ጻፉ። ኦርጋኑ የድምፅ ምርጫዎችን የሚያስቀምጡ ባለ ቁጥር አዝራሮች ካሉት ለእናንተ የተለየ የማስታወሻ ክፍል እንዲሰጣችሁ ኦርጋኒስቱን ጠይቁ፤ ያለ ፈቃድ የሌላ ሰውን ማስቀመጫ መለወጥ በእሑድ አምልኮ መካከል ችግር ያመጣል።

ቧንቧዎቹ ከተጫዋቹ ርቀው ባሉበት ኦርጋን ላይ ድምፁ ጣትን ተከትሎ ዘግየት ብሎ ይመጣል። ያን ጊዜ የሚሰማችሁን ድምፅ መጠበቅ ቴምፖውን እየጎተተ ያወርደዋልና በጣታችሁና በውስጣችሁ ቆጠራ ተመሩ።

የዝግጅቱ ቀን

የትኛው ይቅደም? እኔ ፒያኖው እንዲቀድም እመክራለሁ። በኦርጋን ሙሉ ድምፅ የተሞላ ጆሮ ወደ ፒያኖ ሲመለስ የፒያኖው ድምፅ ይሳሳበታል፤ የተጫዋቹም እጅ ለሃያ ደቂቃ ክብደት ሳይጠቀም ቆይቶ በድንገት ለስላሳና ብርቱ ምት መለየት ይቸግረዋል። በሌላ ምክንያት ኦርጋኑ መቅደም ካለበት በመካከሉ አጭር ንግግር ወይም ዝማሬ ይግባ፤ የፒያኖውም የመጀመሪያ ሥራ በዝግታ የሚጀምር ይሁን። በልምምድ ሳምንታትም ከኦርጋን በኋላ ለአሥር ደቂቃ ያህል አንድ ስኬል በፒያኖ ከለሆሳስ ወደ ጉልህ፣ ከጉልህ ወደ ለሆሳስ እያደረጉ መጫወት የእጅን ክብደት ይመልሳል።

በብዙ አብያተ ክርስቲያናት ኦርጋኑ በስተኋላ ባለው ፎቅ ላይ፣ ፒያኖው ደግሞ ፊት ለፊት ይገኛል። ደረጃውን ወጥቶ፣ ጫማ ለውጦ፣ ወንበር አስተካክሎ፣ ትንፋሽ ሰብስቦ ለመጀመር የሚወስደውን ጊዜ አስቀድማችሁ በሰዓት ለኩትና ከመርሐ ግብሩ ውስጥ አስገቡት፤ ይህንንም እንደ ሙዚቃው ሁሉ ተለማመዱት። ገጽ የሚገልጥና ስቶፕ የሚስብ ረዳት ካለ በመጨረሻው ልምምድ ላይ መገኘት አለበት። ቤተ ክርስቲያኑ በክረምት ከቀዘቀዘ ጓንትና ሙቅ ውኃ የያዘ ጠርሙስ አጠገባችሁ ይኑር።

ሙቀቱ ለእጅ ብቻ አይደለም የሚያስፈልገው። አየሩ ሲሞቅ የኦርጋን ቧንቧዎች ድምፅ ከፍ ይላል፤ ሲቀዘቅዝ ዝቅ ይላል፤ ፒያኖው ግን በዚያው መጠን አይከተለውም። ሁለቱ መሣሪያዎች በአንድ ላይ የሚሰሙበት ሥራ ካለ የፒያኖ ቃኚው በዝግጅቱ ሰዓት በሚኖረው ሙቀት፣ ማሞቂያው ከተከፈተ ከብዙ ሰዓታት በኋላ፣ ፒያኖውን ከኦርጋኑ ጋር እንዲያስማማ ጠይቁት፤ በሺህ የሚቆጠሩ ቧንቧዎች ያሉትን ኦርጋን ለፒያኖው ብሎ መቃኘት አይቻልም። ሁለቱ በየተራ ብቻ የሚሰሙ ከሆነም ልዩነቱ እንዳይጎላ በዚያ ቀን ማሞቂያውን መክፈትና መዝጋት መተው ይሻላል።

ዝግጅቱ ካለቀ በኋላ ስቶፖቹን ሁሉ ወደ ቦታቸው መልሱ፤ ድምፅ የሚያጎላው ፔዳል በሚከፍተውና በሚዘጋው ሣጥን ውስጥ ያሉ ቧንቧዎች እንደ ሌሎቹ አንድ ዓይነት ሙቀት እንዲያገኙና ቅኝታቸው እንዳይለያይ የሣጥኑን መዝጊያዎች ክፍት ትታችሁ፣ ነፋስ የሚያመነጨውን ሞተር አጥፉ፤ የሕንፃውንም ቁልፍ ላስረከባችሁ ሰው በእጁ መልሱለት።